ከአያት ማዶ እስከ ቱሉ ዲምቱ፦ በዳር ሰፈር ለምክር ቤት ወንበር እንዴት ይቀሰቀሳል?

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በአዲስ አበባ ዳር ዳር ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ለቦሌ አራብሳ፣ ለየካ አባዶ፣ ለቱሉ ዲምቱ፣ ለገላን ጉራ፣ ለጀሞ፣ ለአስኮ፣ አለፍ ብሎም ለሸገር ከተማ ነዋሪ። ለወረዳ፣ ለከተማ ወይም ለክልል ምክር ቤት ልወዳደር ያለ ሰው ያንብበው። ጓደኛው ሲወዳደር በራሪ ወረቀት ልበትንለት፣ በር ላንኳኳለት ያለም እንዲሁ።

የዳር ሰፈር መራጭ ቃል ጠግቧል። ኮንዶሚኒየሙን ሲረከብ ውሃ በቅርቡ ይገባል ተብሏል። መንገዱ ከክረምት በፊት ይነጠፋል ተብሏል። ስለዚህ ሌላ ቃል ይዞ የመጣን ሰው በትህትና ሰምቶ በሩን ይዘጋል። እዚህ ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ወንበሩ የማይደርስበትን ነገር ቃል አትግቡ። የምርጫ ሥነ ምግባር ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ስድብና ድብድብ ነው። እሱም ልክ ነው። ግን ሰዉን ከምርጫ እያራቀ ያለው በፈገግታ የሚነገር፣ ተናጋሪው ራሱ እንደማይፈጸም የሚያውቀው ቃል ነው።

1. የየትኛው ወንበር ዕጩ እንደሆናችሁ ለዩ

በመሃል ከተማ ይህን የሚጠይቅ የለም። ዳር ላይ ግን አንድ አስፋልት ስትሻገሩ አስተዳደሩ ይለወጣል። በዚህ በኩል ያለው ቤተሰብ የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤትን ይመርጣል። በዚያ በኩል ያለው የኦሮሚያን ክልል ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያን። አዲስ አበባና ኦሮሚያ የወሰን ስምምነታቸውን ይፋ ያደረጉት በነሐሴ 2014 ነው። በ2015 ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና ኮዬ ፈጬ ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆኑ። ኮዬ ፈጬ የሚኖር ሰው ሥራው ስታዲየም አካባቢ ሊሆን ይችላል፣ እድሩ ደግሞ ካሳንቺስ። ድምፅ የሚሰጠው ግን በሚኖርበት ምርጫ ክልል ነው።

ስለዚህ ፖስተር ከማሰባችሁ በፊት ወደ ምርጫ ቦርድ የምርጫ ክልል ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የምርጫ ክልላችሁን ወሰንና የምርጫ ጣቢያዎቹን ዝርዝር ውሰዱ። ከዚያ በእግር ዙሩት። በ2013ቱ ምርጫ አንድ ጣቢያ ቢበዛ 1,500 መራጭ ነበር የሚይዘው። አንድ ትልቅ የኮንዶሚኒየም ሳይት ብቻውን ብዙ ጣቢያ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

የሰፈራችሁን ሰው የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት መራጭ ለመሆን 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። በኮሪደር ልማቱ ከመሃል ከተማ ተነስተው ገላን ጉራ የገቡትን አስቡ። ብዙዎቹ እናቶች ዛሬም ልባቸው የድሮ ሰፈራቸው ነው። እዚህ መመዝገብ እንደሚችሉ የነገራቸው ላይኖር ይችላል። የመጀመሪያው የቅስቀሳ ሥራችሁ ይህን መንገር ይሁን። እናንተን ይምረጡ አይምረጡ አትጠይቁ።

2. ሕጉን አትማችሁ ያዙ

ዋናው ሕግ የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። በኋላ ማሻሻያ ስለተደረገበት ማሻሻያውን አብራችሁ ያዙ። ቦርዱ የሚያወጣቸው መመሪያዎችም አሉ፤ የጊዜ ሰሌዳውን የምታገኙት እዚያ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። ለስብሰባና ለሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 3/1983 አለ፤ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠይቃል። የደብዳቤውን ቅጂ ማኅተም አስመትታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አኑሩ። ደንብ አስከባሪ መጥቶ «ማን ፈቀደላችሁ?» ሲል የሚያድናችሁ ያቺ ወረቀት ናት።

ሁሉንም በጎ ፈቃደኛ ሰብስባችሁ የሥነ ምግባሩን ክፍል ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ሳያነብ ወደ ሰፈር የሚወጣ ሰው አይኑር።

3. የቃል ደብተር አዘጋጁ

ከሥራችሁ ሁሉ ብዙ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ይሁን። አንድ ትልቅ ደብተር ግዙና ገጹን በአራት ክፈሉት። በመጀመሪያው የሰፈሩን ችግር ጻፉ። በሁለተኛው ችግሩ የየትኛው መሥሪያ ቤት ሥልጣን እንደሆነ። በሦስተኛው እናንተ የምትወዳደሩበት ወንበር ምን ማድረግ እንደሚችል። በአራተኛው ሰዉ መሥራታችሁን በምን እንደሚያረጋግጥ። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ቃል አትግቡበት። አራተኛው ባዶ ከሆነም አትግቡ።

መብራትን እንውሰድ። ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሰፈሩ ሳምንት ጨለማ ውስጥ ቢከርም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የፌዴራል ተቋም ነው። የወረዳ ምክር ቤት አባል ሊያዘው አይችልም። ደብዳቤ ይጽፋል፣ ይከታተላል፣ የነዋሪውን ቅሬታ ሰብስቦ ይዞ ይሄዳል። ይህም ቀላል አይደለም። ግን «መብራት አስገባለሁ» አይባልም።

ውሃ ከዚህ ይለያል። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የከተማው ነው። የከተማ ምክር ቤት አባል ኃላፊዎችን ይጠይቃል፣ በጀት ሲጸድቅ ድምፅ አለው። የወረዳ ምክር ቤት ዕጩ ግን ይህ ጉልበት የለውም። ውሃው ከለገዳዲ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው የሚመጣው፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይዳረስምና በፈረቃ ይለቀቃል። ከፍታ ላይ ያለ ብሎክ ፈረቃው ደርሶም አራተኛ ፎቅ ላይ ላይወጣ ይችላል። ይህን ያልገባው ዕጩ «ውሃ በ24 ሰዓት አመጣለሁ» ይላል። የገባው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «የፈረቃው ፕሮግራም በየብሎኩ እንዲለጠፍ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ፈረቃው የተዘለለበትን ቀን ከእናንተ ጋር እመዘግባለሁ። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ መዝገቡንና የተሰጠኝን መልስ ይዤ እዚህ ግቢ እመጣለሁ።» ሁለተኛው ቃል ትንሽ ይመስላል። ግን ሰውየው እሁድ ካልመጣ ሁሉም ያውቃል።

መንገድ ላይም እንዲሁ ለዩ። ትልቁ አስፋልት የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ነው። በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማ የሚወጣው የክፍያ መንገድ የፌዴራል ነው። በሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ለማንጠፍ፣ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ለማጽዳት ወረዳውና ነዋሪው አንድ ላይ የሚሠሩት ብዙ አለ። ለወረዳ ወንበር የምትወዳደሩ ከሆነ ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚጸዳውን ቦይ በስም ጥሩት። የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ተናገሩ።

አሁን ወደ መሬት። በዳር ሰፈር ከዚህ የበለጠ የሚያጓጓና የሚያሳስት ቃል የለም። የጨረቃ ቤት ሠርቶ ዓመታት የኖረ ሰው «ካርታ አሰጣችኋለሁ» የሚለውን ሲሰማ ያምናል፤ ማመን ይፈልጋልና። ከዚያ ተበድሮ ሁለት ክፍል ይጨምራል። ከዚያ አፍራሽ ይመጣል። ያን ቃል የሰጠው ዕጩ በዚያ ቀን አይገኝም። ማንም የምክር ቤት ዕጩ ካርታ የመስጠት ሥልጣን የለውም። ልታደርጉ የምትችሉት ሰውየው ምን ማስረጃ በእጁ እንዳለ እንዲያውቅ፣ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንዲደርሰው፣ አቤቱታውን የት እንደሚያቀርብ እንዲነገረው መከራከር ነው። ከመሬታቸው የተነሱ አርሶ አደሮችም አሉ። ካሳቸው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይመራል። የተሰጣቸው ግምት ምን ላይ እንደተመሠረተ በጽሑፍ እንዲደርሳቸው መጠየቅ ትችላላችሁ። የካሳውን ብር ግን አትጥሩ።

ደብተሩ ሲሞላ ሦስት ቃል ብቻ ምረጡ። ከመታተሙ በፊት በመሥሪያ ቤቱ ለሚሠራ ወይም ሠርቶ ለወጣ ሰው አሳዩት። «ይህ ይቻላል?» በሉት። አይቻልም ካለ ሰርዙት፣ ምንም ያህል ጭብጨባ የሚያመጣ ቢሆን።

4. ከመናገር በፊት በር አንኳኩ

የዳር ሰፈር ሰው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ታክሲ ሊሰለፍ ይወጣል። ሲመለስ መሽቷል። በሥራ ቀን ምሽት በር ብታንኳኩ የምታገኙት የደከመና እራቱን ያልበላ ሰው ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን። አምስት ስድስት ሆኖ በር ላይ መቆም ያስፈራል።

ንግግሩ አጭር ይሁን። እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

«እንደምን ዋሉ እማማ? ከታችኛው ብሎክ ነን። ለወረዳ ምክር ቤት እየተወዳደርን ነው።»

«እናንተም መጣችሁ? ባለፈውም መጥተው ነበር። ሊፍት እንሠራለን ብለው ሄዱ።»

«እኛ ሊፍት ለመሥራት አልመጣንም እማማ፤ ሥልጣኑም የለን። እዚህ ግቢ ውስጥ ቀን በቀን የሚያስቸግርዎትን ሊነግሩን ይችላሉ?»

ከዚያ ዝም በሉ። እማማ ስለ ሊፍት ትተው ስለ ቆሻሻ ገንዳው ያወራሉ፣ ስለ ጨለማው ደረጃ ያወራሉ። ጻፉት። ቡና ከቀረበ ተቀመጡ። አልቀረበም ብላችሁ ቅር አይበላችሁ።

ማን ማንን እንደሚደግፍ አትመዝግቡ። ሰዉ «አንድ ለአምስት» የሚባለውን አደረጃጀት አልረሳውም። ስሙ በሆነ ደብተር ላይ ሲሰፍር ዘይትና ስኳር፣ መታወቂያ፣ የልጁ ሥራ ትዝ ይለዋል። ችግሩን ጻፉ፣ ስሙን ተዉት። ብሔሩን ደግሞ ጭራሽ አትጠይቁ፣ በአነጋገሩ ለመገመትም አትሞክሩ።

ብዙ ዕጩዎች የሚዘሏቸው ሰዎች አሉ። ተከራዮች አንዱ ናቸው። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ የባለቤቶች ስለሆነ በኮሚቴው በኩል የሄደ ዕጩ ተከራዩን ሳያገኝ ይቀራል። በብዙ ብሎኮች ግን የሚኖረው ተከራይ ነው። የቤት ሠራተኞች፣ ጥበቃዎች፣ የግንባታ ቦታ የቀን ሠራተኞችም እንዲሁ። 18 ከሞላቸውና 6 ወር ከኖሩ ድምፃቸው ከአሠሪያቸው ድምፅ እኩል ነው። የቤት ሠራተኛዋን ራሷን አናግሯት። «ለእሷም ንገሩልን» ብላችሁ ለእመቤቲቱ ወረቀት ሰጥታችሁ አትሂዱ።

5. በሁለት ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ

በራሪ ወረቀቱ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይታተም። በር ላይ «አካም ጅርቱ» ማለት ለሚችል በጎ ፈቃደኛ ቅድሚያ ስጡ። ይህ አክብሮት ነው።

የማስጠነቅቀው ግን ሌላ ነገር ነው። በአማርኛው ለኮንዶሚኒየም ዕድለኞች አንድ ቃል፣ በአፋን ኦሮሞው መሬታቸውን ላጡ ገበሬዎች ተቃራኒውን ቃል የሚሰጥ ዕጩ አይጠፋም። በ2011 የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ የተነሳውን ተቃውሞ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል እሳት እንደሆነ ያውቃል። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ዓመታት ቆጥቦ ነው የደረሰው። ገበሬውም የአባቱን መሬት አጥቷል። ሁለቱም እውነት ነው፣ ለሁለቱም ሁለቱንም ንገሩ። «መጤ» የሚለው ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። «የእነሱ ሰፈር»፣ «የእኛ መሬት» የሚሉትም እንዲሁ። በጎ ፈቃደኛችሁ ከተናገረው በዚያው ቀን ከሥራው አንሱት፣ ምክንያቱንም ለሌሎቹ ንገሩ።

መፈተኛው ቀላል ነው። የአፋን ኦሮሞውን ወረቀት ሥራው ላይ ላልነበረ ሰው ስጡና በአማርኛ ይንገራችሁ። ከአማርኛው ወረቀት ከተለየ አታሰራጩት።

6. እድሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን ለቀቅ አድርጉ

በአዲስ ሳይት እድር ሲመሠረት አይቻለሁ። ከመሃል ከተማ የመጣው፣ ከገጠር የመጣው፣ ነባሩ ነዋሪ አንድ ድንኳን ገዝተው ይጀምራሉ። እነዚህን ሰዎች አንድ ላይ ያስቀመጠ ሌላ ምንም ነገር በዚያ ሰፈር ላይኖር ይችላል። ዕጩ ገብቶ የእድሩን ዳኛ «አባሎችህን አምጣልኝ» ካለ እድሩ በሁለት ወር ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። ምርጫው ያልፋል፣ ክፍፍሉ ይቀራል።

የእድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ መናገር የምትፈልጉ ከሆነ ሁሉም ዕጩዎች እንዲጠሩ ጠይቁ። ለእያንዳንዳችሁ እኩል ደቂቃ ይሰጥ። ሌሎቹ ካልተጠሩ እናንተም ቅሩ። ለቅሶ ቤት የፓርቲ ቲሸርት ለብሶ መግባት የለም። ሐዘንተኛ ልታጽናኑ ከሄዳችሁ እንደ ጎረቤት ሂዱ፣ ወረቀቱን ቤት ተዉት።

ሃይማኖት ላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል። በአምልኮ ቦታ ቅስቀሳም የተከለከለ ነው። በሩ ላይ ቆሞ መበተንም ቢሆን ከተንኮል አይተናነስም። ጥምቀት፣ ኢድና ኢሬቻ ላይ የፓርቲ ባነር አይውጣ። እቁብ፣ ማኅበርና ጽዋም እንዲሁ ይተዉ።

7. የገንዘብ መዝገቡ በየቀኑ ይዘጋ

የገባ ብር፣ ማን እንደሰጠ፣ የወጣ ብር፣ ለምን እንደወጣ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ የለም። የበጎ ፈቃደኞች ምሳም ይጻፋል። ፓርቲ ካላችሁ ገንዘቡ በፓርቲው የባንክ ሒሳብ ይለፍ። ከውጭ አገር ዜጋና ድርጅት፣ ከሃይማኖት ተቋም፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ምንጩ ካልታወቀ ሰው መቀበል አይቻልም።

ሕጉ የማይደርስበት አንድ ፈተና በዳር ሰፈር አለ። የመሬት ደላላውና ኮንትራክተሩ ናቸው። «ባነሩን እኔ ላሳትም፣ ስለ ገንዘቡ አታስብ» ይላሉ። ስለ ገንዘቡ አስቡ። ሰውየው በዚያ ምርጫ ክልል የመሬት ጉዳይ ካለው እርዳታውን አመስግናችሁ መልሱ፣ ሕጉ ባይከለክልም። ሲጠይቃችሁ እንቢ ማለት የምትችሉት ዛሬ ነው።

ለመራጭ ምንም አትስጡ። ዘይት፣ ስኳር፣ ለበዓል ዶሮ፣ ለወጣቶች ቢራና ጫት፣ «የትራንስፖርት» የሚባል ፖስታ፣ ሁሉም ድምፅ መግዛት ነው። አባባ «ልጄ፣ ያኛው እኮ ሰጥቶናል» ሊሏችሁ ይችላሉ። «ከሰጡዎት ይብሉት አባባ። ድምፅዎ ግን ምስጢር ነው፣ ማንም አያየውም» በሏቸው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ በተለይ ትልልቆቹ።

ሥልጣን ላይ ያላችሁ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ፣ የመሥሪያ ቤቱን መኪና፣ ነዳጅ፣ ፎቶ ኮፒና የሥራ ሰዓት አትንኩ። የወረዳው አዳራሽ ለአንድ ፓርቲ ከተፈቀደ ለሁሉም ይፈቀዳል። ተቃዋሚ ሲከለከል ዝም ያለ ዕጩ ከክልከላው ድርሻ አለው።

8. ፖስተር፣ ሞንታርቦና ቴሌግራም

ፖስተር በሰው አጥር ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት አስፈቅዱ። የሌላውን አትቅደዱ፣ በላዩ ላይም አትለጥፉ። ሙጫውን ቀነስ አድርጉ፣ በኋላ የምታነሱት እናንተ ናችሁ። የምርጫ ምልክታችሁ ጎላ ብሎ ይታይ፤ ማንበብ የማይችል ሰው በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሚፈልገው ምልክቱን ነው። ሞንታርቦ የጫነ መኪና በትምህርት ሰዓት ትምህርት ቤት አጠገብ፣ በጸሎት ሰዓት አምልኮ ቦታ አጠገብ አይለፍ።

የብሎክ ቴሌግራም ግሩፕ ስለ ውሃ ፈረቃና ስለ ጠፋ ልጅ መልእክት የሚለዋወጡበት ነው። ቅስቀሳ አትልቀቁበት፣ አድሚኑ ጎረቤታችሁ ቢሆን እንኳ። የራሳችሁን ቻናል ክፈቱ። የሰው ስልክ ቁጥር ከኮሚቴ መዝገብ አትውሰዱ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ።

ስለ ተፎካካሪ የተላከላችሁን ቪዲዮ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ። መቼ ተቀረጸ? ማን ቀረጸው? ሙሉው የት አለ? አንዱን ካልመለሳችሁ ተዉት። በአዋጅ 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ቅጣቱ ይከብዳል። ተሳስታችሁ ከለቀቃችሁ ዝም ብላችሁ አታጥፉት። ስህተት እንደነበር በዚያው ገጽ ጻፉ፣ ለተፎካካሪውም ደውሉ።

9. ሲበድሏችሁ

ይበድሏችኋል። ፖስተራችሁ ይቀደዳል፣ ልጆቻችሁ ይሰደባሉ፣ አዳራሽ ይከለከላል። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ምንም አትለጥፉ፣ ምንም አትናገሩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምስክር ጻፉ። ፎቶ አንሱ። ጠዋት ለተፎካካሪው አስተባባሪ ደውሉ። ግማሹ ችግር የሚፈታው እዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያጠፋው ማንም ያላዘዘው ጎረምሳ ነው።

ካልተፈታ በጽሑፍ ለምርጫ ቦርዱ ጽሕፈት ቤት አቅርቡ። በመጋቢት 2011 ከ100 በላይ ፓርቲዎች የሥነ ምግባር ቃል ኪዳን ፈርመዋል፣ የጋራ ምክር ቤትም አላቸው። ፓርቲያችሁ ጉዳዩን እዚያ ማንሳት ይችላል። ማስፈራራት ወይም ድብደባ ከሆነ ግን ለአስተባባሪው መደወል የለም፤ በቀጥታ ለፖሊስ ነው።

10. የጥሞና ቀናትና የድምፅ መስጫው ዕለት

ከድምፅ መስጫው በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው። ቅስቀሳ የለም። ቴሌግራሙም ዝም ይበል። እነዚህን ቀናት ወኪሎቻችሁን ለማሠልጠን ተጠቀሙባቸው።

ወኪል ቁጣ የሌለበት ሰው ይሁን። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጣቢያው ሲከፈት ተገኝቶ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን ያያል። ባጁን ያንጠለጥላል፣ የፓርቲ ልብስ አይለብስም። መራጭ አያናግርም። ያየውን ጉድለት በዚያው ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴው በጽሑፍ ያቀርባል፣ ቅጂ ይይዛል። ቆጠራው የሚካሄደው እዚያው ጣቢያ ስለሆነ እራቱን ይዞ ይምጣ፤ ዳር ሰፈር በዚያ ሰዓት ታክሲ የለምና መመለሻም አስቡለት። ውጤቱ በጣቢያው ሲለጠፍ ፎቶ ያነሳል። ፊርማ ሲጠየቅ ያየውን ብቻ ነው የሚፈርመው። ቅሬታ ካለው ቅሬታውን ጽፎ ይፈርማል።

አሮጊትና ነፍሰ ጡር ሰልፍ ላይ ካያችሁ የማንም ደጋፊ ይሁኑ ወደ ፊት እንዲያልፉ አስፈጻሚውን ጠይቁ።

11. ከውጤቱ በኋላ ባለው ሳምንት

ፖስተሮቹን አንሱ። የተበደራችሁትን ወንበርና ድንኳን መልሱ። የገንዘብ መዝገቡን ዝጉና ለሚመለከተው አስገቡ። የሰበሰባችሁትን ስልክ ቁጥር ሰርዙ።

ከተሸነፋችሁ ውጤቱን የምትከራከሩት በማስረጃና በአቤቱታ መስመር ብቻ ነው፤ ከጣቢያ እስከ ቦርድ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት። ማስረጃ ከሌላችሁ ለአሸናፊው ደውላችሁ እንኳን ደስ አለህ በሉ።

ካሸነፋችሁ እመጣለሁ ብላችሁ ቃል የገባችሁበትን የወሩን የመጀመሪያ እሁድ አትዝለሉ። ይዛችሁት የምትሄዱት መልስ «አልተሳካም» ቢሆንም ሂዱ።

ብታሸንፉም ብትሸነፉም የቃል ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አድርጉት። ስም ስለሌለበት ማንንም አያጋልጥም። በር ለበር እየዞራችሁ የሰበሰባችሁት የሰፈር ችግር ዝርዝር የእናንተ ንብረት አይደለም። አንዱን ቅጂ ለብሎኩ ኮሚቴ ስጡ። አንዱን ወንበሩን ለያዘው ሰው፣ ወይም ያሸነፋችሁት እናንተ ከሆናችሁ ለተሸነፈው ተፎካካሪያችሁ፣ እሁድ መጥቶ እንዲጠይቃችሁ።